የመታጠቢያ ቤት ውሃ አልወርድ ሲል፦ በቤት ውስጥ ከሚገኙ ነገሮች የትኛው ይሠራል፣ የትኛውስ ይጎዳል?

በበዓል ዋዜማ በባቱ ከተማ ብዙ ግቢዎች መታጠቢያ ቤቱ ሥራ ይበዛበታል። ቅቤ ተቀብቶ የሰነበተ ጸጉር ይታጠባል፤ ልጆች በየተራ ገላቸውን ይታጠባሉ፤ ከእርሻ የተመለሰውም እግሩን ያስለቅቃል። በማግስቱ ጠዋት በሩ ሲከፈት ውሃው ወለሉ ላይ ቆሞ፣ አረፋና ጸጉር ተንሳፎበት ይገኛል። በተለይ በኪራይ ግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ቤተሰብ አንድ መታጠቢያ ቤት በሚጋራበት ጊዜ ችግሩ ከውሃ አልፎ የጎረቤት ቅያሜ እስከ መሆን ይደርሳል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ ከጋራዥ ወይም ከሱቅ አሲድ ገዝቶ ማፍሰስ ነው። ሌላው ደግሞ በቤት ውስጥ ያለውን ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ቀላቅሎ መድፋት ነው። የመጀመሪያው አደገኛ ነው። ሁለተኛው አደጋው አነስተኛ ቢሆንም፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት ቱቦውን የሚከፍተው አረፋው አይደለም። ከቤት ዕቃዎች ጥቅም ማግኘት የሚቻለው ቱቦውን የዘጋው ነገር ምን እንደሆነ በቅድሚያ ሲታወቅና እያንዳንዱ ነገር የሚሠራው ሥራ ሲለይ ነው።

ውሃው ለምን ይዘገያል?

ከመታጠቢያ ቤት ወለል መክደኛ ወይም ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ በተለምዶ ሲፎን የሚባለው የታጠፈ ክፍል ይገኛል። ይህ ክፍል ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይዞ ይቆያል። ውሃው ከጉድጓድ የሚመጣው ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ይከላከላል። ይሁን እንጂ ውሃ የሚቆምበት ቦታ ቆሻሻም የሚቆምበት ስለሆነ፣ አብዛኛው መዘጋት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለመዘጋቱ ዋናው ምክንያት ጸጉር ነው። የተፈጥሮ ጸጉርም ሆነ ለሹሩባ የሚጨመረው ሰው ሠራሽ ጸጉር ተጠላልፎ እንደ መረብ ይሆናል። ቀጥሎ ቅባት ይመጣል። ለጋ ቅቤ የሚቀልጠው ከሰውነት ሙቀት ብዙም ባልራቀ፣ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ነው። በሞቀ ውሃ ከጸጉር የለቀቀው ቅቤ ከወለሉ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይረጋል፤ የተጠላለፈውንም ጸጉር ያጣብቀዋል። የሳሙና ዝቃጭ በላዩ ላይ ይደረብበታል። በመጨረሻም በእግር የመጣው አሸዋማ አፈር ተጨምሮበት ጠንካራ ድፍን ይሆናል።

የውሃ እጥረትም የራሱ አስተዋፅኦ አለው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ነዋሪው ከጀሪካን ወይም ከበርሜል እየቀዳ በሳፋ ይታጠባል። ይህ ውሃን ይቆጥባል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚወርደው ውሃ ጥቂት በመሆኑ ጸጉሩንና አሸዋውን ገፍቶ የማውጣት ኃይል አይኖረውም።

በቅድሚያ የሚደረግ ምርመራ

ማንኛውንም ነገር ከማፍሰስ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ የዘገየው አንዱ መውረጃ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም?

የእጅ መታጠቢያው በደንብ እየወረደ የወለሉ ብቻ ከዘገየ፣ ችግሩ ቅርብ ነው፤ በቤት ውስጥ ሊፈታ ይችላል። መጸዳጃውም፣ ወለሉም፣ የወጥ ቤቱም መውረጃ በአንድ ጊዜ ከዘገዩ ወይም መጸዳጃው ሲለቀቅ ውሃ በወለሉ በኩል የሚመለስ ከሆነ ግን ችግሩ ዋናው መስመር ወይም ጉድጓዱ ነው። ጉድጓዱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። የከርሰ ምድር ውሃ ለገጸ ምድር ቅርብ በሆነበት ስፍራ ደግሞ በክረምት ጉድጓዱ ውሃውን ወደ መሬት ማስረግ ያቅተዋል። እንዲህ ያለውን ችግር ሶዳም ሆነ አቼቶ አይፈታውም፤ መፍትሔው በመምጠጫ መኪና ማስነሳት ወይም የቧንቧ ሠራተኛ መጥራት ነው።

ወደ ጉድጓዱ ሰው ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያስታል፤ ሊያድን ተከትሎ የሚገባውንም አብሮ ይገድላል።

ሥራው በቅደም ተከተል

የዘገየው አንድ መውረጃ ብቻ ከሆነ የሚከተሉት አራት እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይሠራሉ።

አንደኛ፣ ጸጉሩን በእጅ ማውጣት። የወለሉን መክደኛ በማንሳት፣ ጓንት ወይም ፌስታል እጅ ላይ አጥልቆ የሚታየውን ጸጉር መጎተት ያስፈልጋል። ጠለቅ ላለው ቀጭን ሽቦ ተወስዶ ጫፉ እንደ ትንሽ መንጠቆ ይታጠፍና፣ ወደ ውስጥ ገብቶ እየተሽከረከረ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ሽቦውን በኃይል መግፋት ድፍኑን ወደ ውስጥ ያርቀዋል። በእጅ መታጠቢያ ሥር ያለው ሲፎን በእጅ የሚፈታ ከሆነ፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦ መፍታትና ማጠብ ከሁሉም የፈጠነ መፍትሔ ነው። የወጣው ጸጉር ወደ ቆሻሻ መጣያ እንጂ ተመልሶ ወደ መጸዳጃ መግባት የለበትም። ጸጉርን የሚያሟሟ የወጥ ቤት ነገር ስለሌለ ይህን እርምጃ መዝለል አይቻልም።

ሁለተኛ፣ በጎማ መምጠጫ መግፋት። እጀታ ያለው የጎማ መምጠጫ ካለ፣ ጎማውን የሚሸፍን ውሃ እንዲቆም ተደርጎ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ወደ ታችና ወደ ላይ ይገፋል። የእጅ መታጠቢያው በጎኑ ያለው ትንሽ የትርፍ ውሃ ቀዳዳ አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ካልተደፈነ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል።

ሦስተኛ፣ ሳሙናና የሞቀ ውሃ። ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና መውረጃው ውስጥ ይጨመርና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሞቀ ውሃ ይከተላል። የሚንተከተክ ውሃ ግን አያስፈልግም። ባቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ቢሆን በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው ቤት የተዘረጋውን የፕላስቲክ ቱቦ ለማለስለስና ማያያዣውን ለማላላት በቂ ሙቀት ነው። የፈላ ውሃ ከእኩል መጠን የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ይጠጋል። ቅቤ በ35 ዲግሪ የሚቀልጥ በመሆኑ ይህ ሙቀት ለሥራው ከበቂ በላይ ነው፤ ቱቦውንም አይጎዳም። ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን አንድ ሙሉ ባልዲ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ የተሻለ ይገፋል። የሞቀ ባልዲ ልጆች በሌሉበት መያዝ አለበት።

አራተኛ፣ ቤኪንግ ሶዳ ለብቻው። ከላይ ያሉት ከተደረጉ በኋላ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ተጨምሮ ለግማሽ ሰዓት ይቆይና በሞቀ ውሃ ይታጠባል። ዱቄቱ የቱቦውን ግድግዳ በጥቂቱ ይፍቃል፤ ሽታ የሚፈጥሩ አሲዶችንም ያረግባል። ከዚህ በላይ መጠበቅ አይገባም። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ሲሟሟ የፒኤች መጠኑ 8 ገደማ ነው። ተራ የገላ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ቅባትን በማስለቀቅ ሳሙናው ከሶዳው ይበልጣል።

በገበያ ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ቤኪንግ ፓውደር ከቤኪንግ ሶዳ ጋር መምታታት የለበትም። ቤኪንግ ፓውደር ከሶዳው በተጨማሪ ደረቅ አሲድና ስታርች የያዘ ነው። ስታርቹ በሞቀ ውሃ ሲነካ እንደ ሙቅ ይወፍራል፤ ለተዘጋ ቱቦም ተጨማሪ ድፍን ይሆናል።

አረፋው ምን ያደርጋል?

ሶዳና አቼቶ ሲገናኙ የሚወጣው አረፋ ለዓይን ኃይለኛ ይመስላል። በውስጡ የሚካሄደው ግን ቀላል ነገር ነው። አንዱ ቤዝ፣ ሌላው አሲድ በመሆናቸው እርስ በርስ ይዋዋጣሉ። የሚቀረው ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝና ሶዲየም አሲቴት የተባለ ጨው ነው። ይህ ጨው ቅባትንም ጸጉርንም አይነካም።

በቁጥር ሲታይ፣ 5 በመቶ አሲድ ያለው ሩብ ሊትር አቼቶ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጥ፣ 17 ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳን ሙሉ በሙሉ ይጨርሳል። ከዚያም ከ5 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ቢሆን ግፊት ይፈጥር ነበር። የመታጠቢያ ቤት መውረጃ ግን ከላይ ክፍት ስለሆነ ጋዙ በመጣበት ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ድፍኑን አይገፋውም። ግፊት ለመፍጠር አፉን አጥብቆ መድፈንም አይመከርም፤ ደካማ ማያያዣ ሊላቀቅ፣ ፈሳሹም ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል።

ብዙ ሰው ግን በዚህ መንገድ ውሃው እንደተከፈተለት ይናገራል። ምክንያቱ ከአረፋው በኋላ የሚፈስሰው የሞቀ ውሃ ነው። አረፋው ላልተጣበቀ ቆሻሻ ትንሽ ንቅናቄ ይሰጣል፤ ቀሪውን የሚሠራው ሙቀቱና የውሃው ክብደት ነው።

አቼቶ ለብቻው ሲሆን የራሱ ቦታ አለው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት በመክደኛው ወይም በሻወሩ አፍ ላይ ሲጋገር፣ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነክሮ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ቅርፊቱን ያሟሟል። ስለዚህ ሶዳና አቼቶ ሁለቱም ጥቅም የሚሰጡት በተለያየ ጊዜ፣ ለተለያየ ሥራ ሲውሉ ነው።

አመድ፣ ጨው፣ እንዶድ

በገጠር ቀበሌዎች ከሶዳ ይልቅ የሚቀርበው አመድ ነው። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ውሃው ቅባትን ያስለቅቃል፤ ቀድሞ ዕቃና ልብስ በአመድ ውሃ ይታጠብ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ለመውረጃ የሚሆነው ግን ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረና በጨርቅ የተጣራ ጥርት ያለ ውሃው ብቻ ነው። አመዱ ራሱ ከገባ ሲፎን ውስጥ ይረጋና እንደ ጭቃ ይደፍናል። የአመድ ውሃ ዓይንን ስለሚያቃጥል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጨው ግድግዳውን ከመፋቅ ያለፈ ሥራ የለውም። የቡና አተላም ሽታ ያጠፋል በሚል ወደ መውረጃ ይደፋል፤ ነገር ግን አተላው ከቅባት ጋር ሲገናኝ ይጣበቃል። ቦታው የአትክልት ሥር ነው።

እንዶድ ደግሞ ለየት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ፍሬው አረፋ የሚሰጥና ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ነው። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ እንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ቢልሃርዚያን በሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ለተደረገው ታዋቂ ምርምር መነሻ ሆኗል። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ይኸው ኃይል ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ውሃው ወደ ቦይ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ በሚሄድበት ስፍራ የእንዶድ ውሃ በመውረጃ መልቀቅ አይገባም። አንድ ነገር ከተፈጥሮ መገኘቱ ብቻውን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ፈጽሞ መቀላቀል የሌለባቸው

በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል ሲሆን፣ መስኮቱ ጠባብ በሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጥቂቱም አደገኛ ነው። በረኪና ከሽንት ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ ጠዋት በረኪና በፈሰሰበት መውረጃ ብዙ ውሃ ሳይለቀቅበት ከሰዓት አቼቶ መጨመር አይገባም። ድንገት የሚያንቅ ሽታ ከተሰማ ወዲያው ወጥቶ በሩን ክፍት መተውና ንጹሕ አየር ወዳለበት መሄድ ያስፈልጋል። ትንፋሽ ካጠረ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

የባትሪ አሲድ ወደ መውረጃ ማፍሰስም ሰልፈሪክ አሲድ ማፍሰስ ነው። ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይሞቃል፤ ሊፈናጠርም ይችላል። ሲሚንቶንና ብረትን ይበላል። የጉድጓዱ ግድግዳ ከሲሚንቶ የተሠራ ከሆነ ዛሬ የተከፈተው ቱቦ ነገ የጉድጓድ ጥገና ያስከትላል። ካስቲክ ሶዳም እንዲሁ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል። ከእነዚህ አንዱ ቀድሞ ከፈሰሰ ሌላ ነገር መጨመርም ሆነ በጎማ መግፋት ተገቢ አይደለም። ለሚመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ምን እንደፈሰሰ አስቀድሞ መንገር የሰውየውን ዓይን ሊያተርፍ ይችላል። ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወዲያው ሕክምና መፈለግ ያስፈልጋል።

የወረደው ውሃ የት ይደርሳል?

ከመታጠቢያ ቤት የወረደ ነገር ከዓይን ቢሰወርም አይጠፋም። በየግቢው ካለው ጉድጓድ ወደ መሬት ይሰርጋል ወይም በቦይ ተጉዞ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይሄዳል። በባቱ ዝቅተኛው ስፍራ ሐይቁ ነው። ከጉራጌ ደጋ በሚወርደው የመቂ ወንዝና ከአርሲ በሚመጣው የቀታር ወንዝ የሚሞላው የዝዋይ ወይም የደምበል ሐይቅ፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚወጣበት፣ አርሶ አደሩም ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የሚያጠጣበት ነው። ትርፉ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። አቢጃታ መውጫ ስለሌለው የደረሰው ጨው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ከሐይቁ ውሃ ሶዳ አሽ ሲመረት የቆየውም በዚሁ የጨው ክምችት ምክንያት ነው።

የመታጠቢያ ውሃቸውን ወደ ሙዝ ወይም ፓፓያ ሥር የሚለቅቁ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ነገር ማስተዋል አለባቸው። ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ሶዲየም በአፈር ሲጠራቀም የአፈሩን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ መሬቱም ውሃ የማይሰርግበትና ሲደርቅ ቅርፊት የሚሠራ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ በተፈጥሮው ሶዲየም የበዛበት አፈር በየቦታው ይገኛል። በወር አንድ ጊዜ የሚጨመር ግማሽ ብርጭቆ የሚያስከትለው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ በየሳምንቱ ሲሆን ግን ይከማቻል። ሶዳ ወይም በረኪና በተጨመረበት ቀን ውሃውን ከአትክልቱ ማራቅ ይሻላል።

ጉድጓዱም ቢሆን ሕይወት አለው። በውስጡ ያለውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። በረኪናና አሲድ ሲበዛባቸው ይሞታሉ፤ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል።

ከመዘጋቱ በፊት

መከላከያው ርካሽ ነው። በወለሉ መክደኛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ወንፊት ወይም የተቆረጠ የፕላስቲክ መረብ ጸጉሩን ከላይ ይይዛል። ጸጉር ከመታጠቡ በፊት ቅቤውን በሶፍት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ማንሳትና ጸጉሩን አበጥሮ የተነቀለውን ማውጣት፣ ወደ ቱቦው የሚገባውን ቅባትና ጸጉር በብዙ ይቀንሳል። ከእርሻ የተመለሰ ሰው እግሩን በደጅ ቢታጠብ አሸዋው ወደ መውረጃው አይደርስም። በሳፋ ለሚታጠቡ ቤተሰቦች ደግሞ ያገለገለውን የልብስ እጥበት ውሃ አጠራቅሞ በሳምንት አንድ ጊዜ በአንድ ባልዲ መልቀቅ፣ ተጨማሪ ውሃ ሳያስወጣ ቱቦውን ያጥባል። ለብዙ ቀን የማይጠቀሙበት መውረጃ ሲፎኑ ደርቆ መሽተት ከጀመረ ሁለት ኩባያ ውሃ መጨመር ብቻ ይበቃዋል።

በጋራ ግቢዎች ውስጥ መረቡን በየቀኑ የማንሳትና የማጽዳት ተራ ማውጣት ከአሲድ ዋጋም ከጎረቤት ክርክርም ያድናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሃው አሁንም ካልወረደ ተጨማሪ ነገር ከማፍሰስ መቆጠብና ባለሙያ መጥራት ተገቢ ነው። ድፍኑ በእጅና በሞቀ ውሃ ከማይደርሱበት ስፍራ እንዳለ የሚያሳይ ምልክት ነውና።